ክብርት ወይዘሪት በቅርቡ

ቀለም፣ ነጭ ጋዝ፣ የጋለ እርሳስ። ዛሬም በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ይህ ሽታ ካገኘኝ፣ እግሬ ወደ ፊት እየሄደ አፍንጫዬ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደዚያ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት፣ አንድ እግሯ ካጠረ ጠረጴዛዬ ዘንድ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አራሚ ነበርሁ። ፊደል ለቃሚዎቹ የእርሳሱን ፊደል ከየሣጥኑ አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጹን ያቆማሉ፤ እኔ የሙከራውን ወረቀት በቀይ እስክርቢቶ እየጠቀጠቅሁ ልፋታቸውን መና አስቀራለሁ። ገጹ ጠርቶ ሲያልቅ ከግርጌው "ይታተም" ብዬ እፈርማለሁ። ያች ቃል ሳትጻፍ ማሽኑ አይነቃነቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ቢለምን እንኳ።

ለቃሚዎቹ ታዲያ አንድ ተንኮል ነበራቸው። ስሕተት ያጣ አራሚ እንደ ተራበ ጅብ ነው፤ ደኅናውን ሁሉ ሲቈፍር ይውላል ይሉ ነበር። ስለዚህ ሆን ብለው አንድ ወፍራም ስሕተት፣ ዕውርም ዳስሶ የማያጣት፣ ገጹ መካከል ያስቀምጡልኛል። እኔም እሷን አገኝና በደስታ አክብቤ፣ ሆዴ ሞልቶ፣ እፈርማለሁ። ስም ሳይቀር አውጥተውላት ኖሯል፤ "የአራሚ ድርሻ"። ይህን የነገሩኝ ጡረታ በወጣሁበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ከሣቁት ሣቅ ጥቂቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ይህን ማንሣቴ ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ላወራችሁ የተነሣሁት ስለ እኅቴ ልጅ ነው።

በዓለም ላይ ሦስት ዐይነት ሰው አለ። የሚሠራ አለ፤ የማይሠራ አለ፤ ሊሠራ የተዘጋጀ አለ። ስለ ሁለቱ የድሮ የንባብ መጻሕፍታችን በሥዕል አስደግፈው አስተምረውናል፤ አንደኛው በመጨረሻው አንቀጽ ይከብራል፣ ሁለተኛው በመጨረሻው አንቀጽ ያለቅሳል። ስለ ሦስተኛው ግን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረንም፤ ምናልባት ስለ እርሱ የሚጽፈው ደራሲ ገና እየተዘጋጀ ይሆናል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም። ከማናችንም አብልጦ ይደክማል። እርሳስ ይቀርጻል፣ ጠረጴዛ ያስተካክላል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ዕቅዱን ያሻሽላል፣ የተሻሻለውን ዕቅድ በንጹሕ ይገለብጣል። በየቤቱ አንድ አይጠፋም። እናንተ ቤት የለም ካላችሁ ብዙ አትፈልጉ፤ ራሳችሁ ናችሁ።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው የእኅቴ ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤቱን የፊት ክፍል ለስፌት መኪናዋ፣ የጓዳውን ለልጇ፣ መካከለኛውን ለእኔና ለሬዲዮዬ ደልድላናለች። ልጅቱ ለትምህርት ቤቱ የሥዕል ሥራዋን ሁሉ የያዘ የራሷን ድረ ገጽ መሥራት ነበረባት። ፖርትፎሊዮ ይሉታል። እኛ በዘመናችን "ምን ሠርተሃል?" ሲሉን እጃችንን እናሳይ ነበር፤ አሁን አድራሻ ነው የሚሰጠው።

ድረ ገጹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተከፈተ። ሲከፈት የምታዛጋ ድመት ትታያለች፤ ከድመቷ በታች በሚያምር ፊደል "በቅርቡ ይጠብቁን" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ጠበቅናት። አንድ ወር ጠበቅናት። በሁለተኛው ወር "ለውጥ አለ፣ ክፈቱት" ብላ ጠራችን፤ ድመቷ ጢም አውጥታለች። በአራተኛው ወር ድመቷ የዐይን ሽፋሽፍት አበቀለች። በሰባተኛው ወር ጅራቷ ላይ ጥላ ተጨመረ፤ በእውነት ግሩም ጥላ ነው፣ ጅራቱ ከስክሪኑ ተነሥቶ የሚመጣ ይመስላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛዋ እንቁላል ግን መጀመሪያ ጫማ እያማረጠች ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤታችን ማዕርጓ "ክብርት ወይዘሪት በቅርቡ" ሆነ።

"ክብርት ሆይ፣ ድረ ገጹስ?" እላታለሁ በየማለዳው።

"ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ጋሼ።"

ትንሽ ነው የቀረኝ። በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ቤት ቢሠራባት አራት ፎቅ ትችላለች።

የግቧ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ከመደርደሪያ ትልቅ ወረቀት አወጣችና "የድረ ገጼ ግቦች" የሚል ርእስ ጻፈችበት። ርእሱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። ዐሥራ ሁለቱ ግቦች በዘጠኝ ቀን ተጠናቀቁ፤ ዳር ዳሩ በቅጠልና በወፍ ተከበበ፤ እያንዳንዱ ቍጥር የራሱ ቀለም ተሰጠው። ጓዳው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እኔና እኅቴ እንደ ሙዚየም ጎብኚ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ቆምን። የመጀመሪያው ግብ "ግቦቼን በግልጽ መጻፍ" ይላል። እሱ ላይ ምልክት አድርጋበታለች፤ ተፈጽሟል።

እኅቴ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄንኑ ለምን አትሰጫቸውም?"

"እማ፣ ይሄ እኮ ዕቅድ ነው።"

"እኔማ ሥዕል መስሎኝ።"

ወደ ታች እያነበብሁ ሄድሁ። ሁለተኛው "ማንነቴን የሚገልጽ ቀለም መምረጥ"፣ አራተኛው "ከሁለት መቶ ሥዕሎች ዐሥር ብቻ ማስቀረት"፣ ዘጠነኛው "በመጀመሪያው ወር አንድ ሺህ ጎብኚ ማግኘት"። ዐሥራ ሁለተኛዋ ከሁሉ በታች፣ በቀይ፣ "ጋሼ 'ይታተም' ብለው እንዲፈርሙ ማድረግ" ትላለች። ያችን ሁለቴ አነበብኋት። ስሕተት ፍለጋ ነው ብዬ አለፍሁት።

ማንነቷን የሚገልጸው ቀለም ከብዙ ምርምር በኋላ ነጭ ሆነ። ይህን ሲሰማ የዋህ ሰው "እንግዲያው አለቀ" ይላል። አላለቀም። የትኛው ነጭ? ላፕቶፑን ታቅፋ ከክፍል ክፍል እየዞረች ሁለት ነጭ ታሳየናለች፤ በስተቀኝ አንድ ነጭ፣ በስተግራ አንድ ነጭ።

"ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?"

"ሁለቱም ነጭ ናቸው።"

"በደንብ ይዩዋቸው። ይሄኛው የአጥንት ነጭ ነው። ይሄኛው ደግሞ የወረቀት።"

እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ አልታየኝም፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት በዐይኑ የኖረ ሰው "አልታየኝም" ማለት አይሆንለትም። "የወረቀቱ ይሻላል" አልኋት በሙሉ ሥልጣን። ወደ እናቷ ሄደች። እናቷ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አንዴ አየችና "ይሄኛው ያደረ ወተት ይመስላል" አለች። ያች አንዲት ቃል ሦስት ሳምንት አስፈጀችን። የወረቀቱ ነጭ ያደረ ወተት የተባለ ዕለት ሞተ፤ የአጥንቱ ነጭ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ብቻውን ሆኖ አላማረም፤ አዲስ ነጭ ፍለጋ ተጀመረ።

ሥዕሎቹን ፎቶ ማንሣት ሲመጣ ቤተ ሰቡ ባንድነት ዘመተ። የተፈጥሮ ብርሃን ያስፈልጋል፤ የተፈጥሮ ብርሃን ያለው እኅቴ ክፍል መስኮት ዘንድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ደንበኞች ልብስ ይለካሉ። እኔ አንሶላ በሁለት እጄ ዘርግቼ ከሥዕሉ ኋላ ብርሃኑን እንዳመጣጥን ታዘዝሁ። ፀሐይ ስትወጣ "በዛ"፣ ደመና ሲመጣ "አነሰ"። እጄ እየዛለ አንሶላው ወደ ታች በወረደ ቍጥር "ጋሼ፣ አድማሱ ዘቀጠ" ትለኛለች። አድማስ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ሁለት መቶዎቹን ሥዕሎች ወለሉ ላይ ዘርግታ ዐሥሩን ስትመርጥ፣ በቤታችን ለዐሥራ አንድ ቀን ሰው የሚሄደው በጣቱ ጫፍ ነበር። አንዲት ደንበኛ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ስትዞር የቀሚሱ ጫፍ የከሰል ሥዕል ጠርጎ ተነሣ። እኅቴ ደንግጣ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ መስተዋት ውስጥ አይታ "ይሄን ጥላ የመሰለውን ነገር በሌላውም በኩል አድርጊልኝ" አለች።

እስካሁን እያሣቅሁ ያቈየኋችሁ ጭንቁን ደብቄ ነው። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ። በሌላ ከተማ አንድ የሠዓልያን የሥራ ቤት አለ፤ በሰሜን በኩል ትልልቅ መስኮት ያለው፣ ለአንድ ዓመት ሰባት ተመራቂዎች ብቻ የሚገቡበት። መምህራኑ ሰባቱን የሚመርጡት ከድረ ገጻቸው ነው። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት አድራሻውን ያላስገባ አይታይለትም። ያልተመረጠችስ? ከከተማው መኻል አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ሰውዬ አለ፤ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እርሱ ዘንድ የፕላስቲክ ፊደል እየቈረጠች "እንኳን ደኅና መጡ" የሚል ጽሑፍ በአርባ ሱቅ በር ላይ ለጥፋለች። "ቦታሽ ክፍት ነው፣ በፈለግሽ ጊዜ ነይ" ብሏታል። ደግ ሰው ነው። የእርሱን ስም ስትሰማ ግን ፊቷ እንደዚያ እንደ አጥንቱ ነጭ ይሆናል።

ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ክብርት ከአልጋዋ የምትነሣው ከእኔ ቀድማ ሆነ። ድመቷ ወደ ጥግ ተገፋች። ነጩ ተወሰነ፤ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዐሥሩ ሥዕሎች ገቡ፤ የእጆች ሥዕሎች ናቸው፣ መርፌ የሚሰካ የእናቷ እጅ፣ የቀጭን አስተናጋጅ እጅ ከነትሪው፣ የሕፃን ጡጫ። የቀረው "ስለ እኔ" የሚለው ገጽ ሆነ። እዚያ ላይ ነው እኔ ወደ መድረክ የወጣሁት።

ላፕቶፑን ሬዲዮዬ ጎን አስቀመጠችልኝ። "እርሷ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን ዝምታ የምትመረምር ሰአሊ ናት" ይላል።

"እርሷ ማናት?"

"እኔ ነኛ።"

"ዝምታ የምትመረምሪው አንቺ ነሽ? በዚህ ቤት ዝምታ የሚገኘው አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አይደለም ወይ?"

"እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ ጋሼ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፉት።"

"እሺ ይሁን። ይህችስ?" ጣቴን በመጨረሻው ቃል ላይ አሳረፍሁ።

"ሰአሊ።"

"በየትኛው ሰ?"

"በሰ ነዋ። ስንት ሰ አለ?"

እጄን አጣምሬ ወደ ኋላ ተደገፍሁ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ልጄ፣ ንጉሡ ሠ አለ፤ እሳቱ ሰ አለ። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዓ 'ሠዓሊ' ስትዪ ሥዕል የሚሥል ማለት ነው። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ የጻፍሽው እንደሆነ ግን በግዕዙ የሚለምን ማለት ነው። አሁን አንቺ ለዓለም ሕዝብ በአደባባይ 'ለማኝ ነኝ' እያልሽ ነው።"

ትንሽ አሰበች።

"የአርት ተማሪ ነኝ እኮ፣ ጋሼ። ሁለቱም ልክ ነው።"

ከፊት ክፍል የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። እኅቴ ሥቃ ክሩን በጥሳዋለች።

"ደግሞ ንጉሡ ስልኬ ላይ ተደብቆ ነው ያለው፤ ጣቴን አቆይቼ ካልተጫንኩ አይወጣም።"

"ንጉሥ መቼ በአንድ ጥሪ ይወጣል?"

አረመችው። ግን አራሚ አንዴ ከቀመሰ ማን ያስቆመዋል። "ስራዎቼ" የሚል በእሳቱ ስ ሠላሳ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ "ሥራ በንጉሡ ነው" ብዬ ሠላሳ አንዱንም አስመለስኋት። እርሷም በትንሽ ወረቀት "ሥራ በንጉሡ" ብላ ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ለጠፈች። በማግሥቱ ገጹን አሳትማ አመጣችልኝ፤ አንድ ነጠላ ሠረዝ ቦታዋን ስታለች። መለስሁት። አስተካክላ አመጣች፤ ነጠላው ድርብ ሠረዝ ቢሆን እንደሚሻል ታየኝ። መለስሁት። ማክሰኞ ለአምስተኛ ጊዜ ስመልስላት ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኅቴ ከመኪናዋ ተነሥታ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። አፏ ውስጥ ሦስት ስፒል ይዛለች፤ አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካቻቸው። ስፒሉን ካወጣች ነገሩ ከባድ ነው።

"ወንድም ዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቷን ማን እንደያዛት ታውቃለህ?"

"ጥንቃቄዋ ነዋ። ክብርት ወይዘሪት በቅርቡ አይደለች?"

"እሷማ ከሰኞ ጀምሮ ጨርሳለች። አንተ ነህ የያዝካት። እሷ ስትጨርስ አንተ ሥራ ትፈታለህ።"

 ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው አጥቼ የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት በቀይ ጠቅጥቄ ለፋርማሲስቷ የወሰድሁ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ አራት ስሕተት አግኝቼ የደስ ደስ ሻይ የጠጣሁ ሰው ነኝ። ይህች ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ባዶ የቀረ ጠረጴዛዬን ሞልታልኛለች። ከተመረጠች ደግሞ ትሄዳለች፤ ጓዳውም፣ ነጩም፣ "ትንሽ ነው የቀረኝ"ም አብረው ይሄዳሉ። ሊሠራ የተዘጋጀ ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ አልነበረም ለካ፤ እኔም አንዲት "ይታተም" ለመጻፍ እየተዘጋጀሁ ነበርሁ። "እውነትሽን ነው" ማለት ያቃተው ሰው ሻይ ይጠይቃል። ሻይ ጠየቅሁ።

ረቡዕ ድረ ገጹ ተከፈተ፤ ይህኛው እውነተኛው ነው። ከግርጌው የጎብኚ ቍጥር የሚያሳይ ትንሽ ሣጥን አለ። ከሰዓት በኋላ ቍጥሩ አርባ ሦስት ደረሰ።

"አርባ ሦስት ሰው" አለች ክብርት፣ ወንበር ላይ ሆና እየተንቀሳቀሰች።

"ስንት ጊዜ ከፍተሽዋል?"

"አርባ ... አርባ ጊዜ ያህል።"

"እኔ ሁለት ጊዜ። አንዱ ማነው እንግዲህ?"

ተያየን። ከፊት ክፍል የስፌት መኪናው ድንገት ፈጠነ። "ያደረ ወተት" ያለችው እኅቴ አንገቷን ደፍታ፣ ስልኳን ከጨርቁ ሥር ሸሽጋ፣ ለማንም የማይሆን ቀጥ ያለ ስፌት እየሰፋች ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት የኢንተርኔቱ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ፣ በሁለት ቅጂ፣ በአማካሪ መምህር ተፈርሞ፣ በእጅ እንዲቀርብ ያዝዛል። ዘመኑ ቢራቀቅም ጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ክብርት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች፤ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠች፣ ከጎኑም ከግድግዳ የወረደውን የግቦቿን ወረቀት ዘረጋች። ዐሥራ አንዱ ላይ ምልክት አለ፤ ዘጠነኛው ላይ "አንድ ሺህ" ተሰርዞ "አርባ ሦስት" ተብሏል። ዐሥራ ሁለተኛዋ ባዶ ናት። ቀይ እስክርቢቶዬን ራሷ ከፍታ አቀበለችኝ።

አነበብሁ። ሠዓሊ በንጉሡ። ሥራዎቼ በንጉሡ፣ ሠላሳ አንዱም። ነጠላ ሠረዙ በቦታው፣ ድርቡ በቦታው። እጆቹ አንድ በአንድ አለፉ። ዐሥር ሥዕል ጠብቄ ዐሥራ አንደኛ መጣ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ጭኑ ላይ ወረቀት፣ በእጁ ቀይ እስክርቢቶ። ከሰሉ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ቀይ ያለው እስክርቢቶው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ "አራሚው፣ በስራ ላይ" ይላል።

በእሳቱ ስ።

እጄ ከኔ ቀድሞ ሊያከብበው ተነሣ፤ ያዝሁት። ብናገር ትከፍተዋለች። ጽሑፉን ስትከፍት ሥዕሉን ታያለች፤ ሥዕሉን ስታይ ነጩን ትጠረጥራለች፤ ነጩን ከጠረጠረች ስድስት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ነበር። ሁለተኛው ዘግይቶ መጣ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ንጉሡን ጠርታ ያወጣች ልጅ፣ እኔው ሥዕል ሥር፣ ዕውርም ዳስሶ የማያጣት ቦታ ላይ፣ እንዴት ትስታለች? የለቃሚዎቹን ተንኮል በሕፃንነቷ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ አድርጌ መቶ ጊዜ ነግሬአታለሁ። ድርሻዬን አቅርባልኛለች። አክብቤ፣ ጠግቤ፣ እንድፈርም።

አሁን በዚያ ትልልቅ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ ከሰባቱ አንዷ ናት። እናቷ ዘንድ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ "አዲስ ሥራ ጀመርሽ ወይ?" ስትባል "ትንሽ ነው የቀረኝ" ትላለች አሉ። ያች የእሳቱ ስ ከሥዕሌ ሥር ዛሬ ድረስ እዚያው አለች። በየእሑዱ ከፍቼ አያታለሁ፤ የጎብኚው ቍጥር አንድ ሺህ ደርሷል፣ ግማሹ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በሠላሳ ስምንት ዓመትም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ዐውቄ ያሳለፍኋት ስሕተት እሷ ብቻ ናት።

ያን ጠዋት ግን ዐይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ ቈየሁ።

"ጨረሱ፣ ጋሼ?"

"ጨረስሁ።"

"ምንም የለም?"

"ምን ሊኖር?"

"የመጨረሻዋንም አዩአት?"

"አየኋት። አፌን ከፍተሽ ሥለሽኛል።"

"እንደዚያ ነው የሚተኙት።"

"ተኝቼ አላውቅም። ዐይኔን ሳሳርፍ ነው።"

እስክርቢቶውን ይዤ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አልሁ። ዐሥራ ሁለተኛዋ ግብ ጎን፣ እንደ ጥንቱ፣ ታውን ጠበቅ አድርጌ "ይታተም" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። 

ወረቀቱን አየች። ስክሪኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ እንደ ሠዓሊ ነው ያየችኝ፣ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ልትሥለው እንደምትፈልገው ነገር። እስክርቢቶዬን ከእጄ ወሰደች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ላፕቶፑን ዘጋች፣ ሁለቱን ቅጂ ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ በእናቷ መኪና ጎን አለፈች፤ ደኅና ዋሉ ሳትል ወጣች።